ሽምብራ በጨለማ ይበቅላል? ቤት ውስጥ ሳይንሳዊ ሙከራ የሚሠራው እንዲህ ነው

እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እያጠኑ ነበር። በአንድ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከማጠቢያው ቦታ ወረድ ብሎ ደግሞ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ። እንዶድ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ ሲታጠብበት ኖሯል። በዚያ ወንዝ ዳር ያለፈ ሰውም ብዙ ነው። እሳቸው ግን ቆም አሉና በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው ከእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የዓመታት ጥናት ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ያችን የመጀመሪያዋን ሙከራ የስድስተኛ ክፍል ተማሪም ሊሠራት ይችላል። አንድ ዕቃ፣ ውሃ፣ ቀንድ አውጣና እንዶድ፤ በቃ። ከባዱ ዕቃው አይደለም። ከባዱ ራስን አለማታለል ነው። ሳይንሳዊ ዘዴ የሚባለው ነገር፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ሰው የፈለገውን ብቻ እንዳያይ የሚያግዱት ጥቂት ልማዶች ናቸው።

ልማዶቹን በወሬ ከመዘርዘር አንድ ሙከራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እንሥራ። ዕቃው ወጥ ቤት ውስጥ ይገኛል፤ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ልጆች ካሉ አብረው ይሥሩ።

1. ጥያቄውን አጥብቡት

«ዘር እንዴት ይበቅላል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን በሙከራ አይመለስም፤ በጣም ሰፊ ነው። «ሽምብራ ለመብቀል ብርሃን ያስፈልገዋል?» ብትሉ ግን መልሱ አዎ ወይም አይ ነው፤ ሁለቱንም በዓይን ማየት ይቻላል።

ጥያቄያችሁ ጠቦ እንደሆነ ለማወቅ አንድ መንገድ አለ። መልሱን ምን ቆጥራችሁ ወይም ምን ለክታችሁ እንደምታገኙት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። መናገር ካቃታችሁ ጥያቄው ገና ነው። እኛ የምንቆጥረው የበቀለ ሽምብራ ነው።

2. ግምታችሁን ጻፉ፤ በእስክሪብቶ

ይሄ መላምት የሚባለው ነው። «ተክል ብርሃን ስለሚፈልግ፣ ጨለማ ውስጥ ያለው ሽምብራ ብርሃን ካለበት ያነሰ ይበቅላል» ሊሆን ይችላል። ወይም ተቃራኒው። ለምን እንደዚያ እንዳሰባችሁም ጨምሩበት። ቀኑንም ጻፉ።

አንዳንዱ ይሄን ደረጃ ይዘለዋል፤ «በልቤ ይዤዋለሁ» ይላል። ልብ ግን አይታመንም። ውጤቱ ከታየ በኋላ ሁሉም ሰው «ድሮም ብዬ ነበር» ባይ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን አይለወጥም። ብዙ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ጽፎ ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጥ። አለበለዚያ ታላቅየው የገመተውን ታናሽየው ይደግመዋል።

ሌላም ነገር አለ። ግምታችሁ ሊሸነፍ የሚችል መሆን አለበት። «ብርሃን ሊጠቅምም ላይጠቅምም ይችላል» የሚል ግምት ምን ቢመጣ አይሸነፍም፤ ስለዚህም ምንም አይጠቅምም።

3. ዕቃ

ግማሽ ኪሎ ድፍን ሽምብራ፣ ስድስት ተመሳሳይ ጠፍጣፋ ሳህኖች፣ ሶፍት፣ የሻይ ማንኪያ፣ ማስመሪያ፣ ሁለት ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ካርቶኖች፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታል ወይም ላስቲክ፣ ደብተር። የተቆላ ወይም የተከካ ሽምብራ አይሆንም። የተከካው የሚበቅልበትን ክፍል ተጎድቷል፤ የተቆላው ደግሞ ሞቷል።

4. የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን

ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ አንዱን ሳህን መስኮት ላይ፣ ሌላውን ቁም ሳጥን ውስጥ ማድረግ ነው። ብርሃንና ጨለማ፤ አለቀ ትላላችሁ። አላለቀም። መስኮቱ ላይ ያለው ሳህን ብርሃን ብቻ አይደለም ያገኘው። ፀሐይ ያሞቀዋል። ነፋስ ያገኘዋል። ሶፍቱ ቶሎ ይደርቃል። ሌሊት ደግሞ መስታወቱ አጠገብ ስለሆነ ከቁም ሳጥኑ ይልቅ ይበርደዋል። ከሦስት ቀን በኋላ መስኮቱ ላይ ያለው ጥቂት ብቻ ቢበቅል «ብርሃን ለሽምብራ ጠላት ነው» ትሉ ይሆናል። እውነቱ ግን ውሃ ጠምቶት ሊሆን ይችላል። ብርሃኑን፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን አንድ ላይ ስለለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ የሚነግራችሁ የለም።

መፍትሔው ይሄ ነው። ሁለቱንም ካርቶን አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጠረጴዛው በቂ ብርሃን ያለበት ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ግን ቀጥታ ፀሐይ አይምታው፤ ከምድጃም ይራቅ። የአንዱን ካርቶን ክዳን ቆርጣችሁ አውጡና ክፍቱን በላስቲክ ሸፍኑት፤ ብርሃን ይገባል። ሌላውን በራሱ ክዳን ዝጉት። ሁለቱም ጎን ላይ፣ ከታች በኩል፣ አየር የሚያስገቡ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይኑሩ፤ ቁጥራቸው እኩል ይሁን። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ካርቶን፣ ሁለቱም የተከደነ፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ነው። ልዩነታቸው ክዳኑ ብርሃን ማሳለፉና አለማሳለፉ ነው። ላስቲክና ካርቶን እርጥበት የሚይዙት እኩል አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። ስለዚህ ሶፍቱን ጠዋትና ማታ በጣት እየነካችሁ ሁሉም እኩል እርጥብ መሆኑን ታረጋግጣላችሁ፤ ውሃ የጨመራችሁበትን ሳህን ትመዘግባላችሁ። ቴርሞሜትር ካለ በሁለቱም ካርቶን እያስገባችሁ አንብቡ።

በሳይንስ መጽሐፍ ቋንቋ ብርሃኑ ነጻ ተለዋዋጭ ነው፤ እኛ የምንለውጠው። የበቀለው ብዛት ጥገኛ ተለዋዋጭ ነው፤ የምንለካው። ውሃው፣ ሙቀቱ፣ የዘሩ ዓይነትና ሳህኑ ሳይለወጡ የሚቆዩ ናቸው። ብርሃን ያለው ካርቶን ደግሞ ማነጻጸሪያ ነው።

ወደ አድዋው ወንዝ ለአፍታ ብንመለስ፣ ማነጻጸሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ ቶሎ ይገባል። ቀንድ አውጣ በዕቃ ተይዞ ከወንዙ ስለወጣ ብቻ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚሠራ ሰው ሁለተኛ ዕቃ ያስፈልገዋል፦ ያው ቀንድ አውጣ፣ ያው የወንዝ ውሃ፣ ግን እንዶድ የሌለበት። በዚያኛው ካልሞቱ ነው እንዶዱን መጠርጠር የሚቻለው።

5. ዘሩን አዘጋጁ

ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውንና የተጨማደደውን ልቀሙ። የቀረውን በሙሉ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉና ሌሊቱን ይደር፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል። ለየብቻ አትዘፍዝፉ። አንድ ላይ ከተዘፈዘፈ ሁሉም ያገኘው ውሃ አንድ ዓይነት ነው።

ጠዋት ውሃውን ድፉና ሽምብራውን አደባልቁ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ 20፣ 20 እያነሳችሁ ስድስቱ ሳህኖች ላይ አድርጉ። «ዓይን መጨፈን ምን አመጣው?» ካላችሁ፣ እጅ ሳይታወቀው ወፍራም ወፍራሙን ቀድሞ ያነሳል። ያ ሁሉ ወፍራም አንደኛው ካርቶን ውስጥ ከገባ ውድድሩ ሳይጀመር አበቃ።

እያንዳንዱ ሳህን ላይ ሁለት እጥፍ ሶፍት፣ በላዩ 20 ሽምብራ፣ በላዩ ሦስት የሻይ ማንኪያ ውሃ። ውሃው መርጠብ እንጂ መዋኛ መሆን የለበትም። ዘር ይተነፍሳል፤ ውሃ ውስጥ ከሰጠመ አየር ያጥረዋል። ሶፍቱ ወፍራም ከሆነና ሦስት ማንኪያ ካልበቃው አራት አድርጉት፤ ብቻ ለስድስቱም አራት ይሁን። ሦስቱን ሳህን ብርሃን ባለው፣ ሦስቱን በጨለማው ካርቶን አስገቡ። ሳህኖቹን ቁጥር ስጧቸው።

6. ብዛት ለምን?

አንድ ሽምብራ እዚህ፣ አንድ ሽምብራ እዚያ አድርጎ መሞከር ይቻል ነበር። አንዱ ሽምብራ ግን ከመጀመሪያው የሞተ ሊሆን ይችላል። 60 በ60 ሲሆን የአንዱ ዕድል ውጤቱን አያዛባም።

እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የመርከብ ሐኪም፣ ሳልስበሪ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ስከርቪ የተባለ፣ በቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣ በሽታ የያዛቸውን 12 መርከበኞች ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸው። አንድ ቦታ ተኙ፣ አንድ ዓይነት ምግብ በሉ፤ ለየጥንዱ የተሰጠው መድኃኒት ግን የተለያየ ነበር። ብርቱካንና ሎሚ ያገኙት ሁለቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻላቸው። የእኩልነቱ ነገር ዛሬም የሚደነቅ ነው። ብዛቱ ግን ያሳስባል፤ ሁለት ሰው በጣም ጥቂት ነው። እሱ መርከብ ላይ ስለሆነ ምርጫ አልነበረውም። እኛ ግን ሽምብራ ሞልቶናል።

7. «በቅሏል» ማለት ምን ማለት ነው?

ከመቁጠራችሁ በፊት ተስማሙ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዳንዱ ሽምብራ ጫፉ ላይ ልጡ ተሰንጥቆ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። ይሄ በቅሏል ወይስ አልበቀለም? አንዱ አዎ ይላል፤ ሌላው ገና ነው ይላል። ቆጣሪው ጨለማው እንዲሸነፍ ከፈለገ፣ ሳያስበው ለጨለማው ጠበቅ፣ ለብርሃኑ ላላ ያደርጋል። ስለዚህ ደንብ አውጡ፦ «ነጩ ሥር በማስመሪያ 2 ሚሊሜትር ከሞላ በቅሏል፤ ካልሞላ አልበቀለም።» ደንቡን ደብተሩ ላይ ጻፉት፤ መሀል ላይ አትለውጡት።

ከተቻለ የሚቆጥረው ሰው ሳህኑ ከየትኛው ካርቶን እንደመጣ አይወቅ። አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ይቆጥራል። ቁጥሩን ለካርቶን የሚያዛምደው ያወጣው ሰው ነው።

8. መዝግቡ

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢሻል ማታ መብራቱ ቀነስ ብሎ፣ የጨለማው ሳህን ብዙ ብርሃን ሳያገኝ ቶሎ ቶሎ ቁጠሩ። ደብተሩ ላይ አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ቀንና ሰዓት፣ የሳህን ቁጥር፣ የበቀለው ብዛት፣ የረጅሙ ሥር ርዝመት፣ አስተያየት።

አስተያየት የምትለዋን አትናቋት። «ሳህን 4 ጫፉ ደርቆ ነበር፣ አንድ ማንኪያ ውሃ ተጨመረ።» «ሳህን 2 ላይ ሻጋታ ታየ።» «ዛሬ ሌሊቱን በጣም በርዷል።» ውጤቱ ግራ ሲያጋባ መልሱ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ እዚያች ዓምድ ውስጥ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ከጻፋችሁ በአንድ መስመር ሰርዙና አጠገቡ ትክክለኛውን ጻፉ፤ ወረቀቱን ቀዳችሁ አትጣሉ። የማይመች ቁጥርም ቁጥር ነው፤ እንዳለ ይቀመጥ።

ሽምብራ እንደ ክፍሉ ሙቀት ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ይበቅላል። ደጋ ላይ ያለ ሰው ትንሽ ይታገስ። የሻገተ ነገር አትብሉ፤ የሙከራውን ሽምብራም ወደ በቆልት ድስት አትላኩት።

9. ቁጥሩን ማንበብ

ለምሳሌ ያህል፣ በአራተኛው ቀን የብርሃኑ ሳህኖች 16፣ 19 እና 17 ቢሆኑ፣ የጨለማው ደግሞ 18፣ 17 እና 19 ቢሆኑ ምን ትላላችሁ? አማካዩ ለብርሃን 17.3፣ ለጨለማ 18 ነው። «ጨለማ አሸነፈ» ለማለት ምላስ ይበላል። ግን እዩት፤ አንድ ካርቶን ውስጥ ባሉት ሦስት ሳህኖች መካከል እንኳ የሦስት ሽምብራ ልዩነት አለ። እነዚያ ሦስቱ ሁሉ ነገራቸው አንድ ነው። በተመሳሳዮች መካከል ያለው ልዩነት በሁለቱ ካርቶኖች መካከል ካለው ከበለጠ፣ ልዩነት አየሁ ማለት አይቻልም።

*(ሙከራውን ልትሠሩ ያሰባችሁ ከዚህ በታች ያለውን አንቀጽ ዝለሉት፤ መልሱ ተጽፏል።)*

ሽምብራ ለመብቀል ብርሃን አያስፈልገውም። ውሃ፣ አየርና ተስማሚ ሙቀት ይበቃዋል፤ ምግቡ ዘሩ ውስጥ ተቀምጧል። ሳህኖቹን ውሃ እየጨመራችሁ ሳምንት ብታቆዩአቸው ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። የጨለማው ቡቃያ ረጅም፣ ቀጭንና ነጣ ያለ ቢጫ ይሆናል። የብርሃኑ አጠር፣ ጠንከር፣ አረንጓዴ ይላል። አንድ ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ አይቶ «ብርሃን ምንም አይሠራም» ብሎ ቢሄድ፣ ሌላው ሰባተኛው ቀን ላይ መጥቶ «ጨለማ ያስረዝማል» ቢል፣ ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። የጠየቁት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ ስለ መብቀል፣ ሌላው ስለ ማደግ።

10. የምትደመድሙት ያያችሁትን ያህል ብቻ ይሁን

«ዘር ብርሃን አይፈልግም» ማለት አትችሉም። የሞከራችሁት ሽምብራ ነው። አንዳንድ የሰላጣ ዝርያዎች ለምሳሌ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋሉ። «በእኛ ክፍል ሙቀት፣ ከዚህ ገበያ የገዛነው ሽምብራ፣ በብርሃንም በጨለማም በተቀራራቢ ብዛት በቀለ» ብትሉ ማንም አይነቀንቃችሁም።

ግምታችሁ ካልሠራ ደብተሩ ላይ «አልሠራም» ብላችሁ ጻፉ። ሙከራው ከሸፈ ማለት አይደለም። የከሸፈ ሙከራ ማለት ምንም መልስ የማይሰጥ ነው፤ ለምሳሌ በስድስቱም ሳህን አንድም ሳይበቅል ሲቀር። ያኔ ዘሩ አሮጌ ነው ወይ፣ ውሃው በዛ ወይ፣ ክፍሉ ቀዘቀዘ ወይ ብሎ እንደገና ከደረጃ 5 መጀመር ነው።

ከዚያ ድገሙት። ይበልጥ የሚመረጠው ግን ሌላ ሰው ደብተራችሁን ብቻ አንብቦ፣ እናንተን ሳይጠይቅ ሲደግመው ነው። አንብቦ «ስንት ማንኪያ ውሃ?» ብሎ ከደወለላችሁ አጻጻፋችሁ ጎድሏል ማለት ነው።

መለኪያው ምላስ ሲሆንስ?

ሽምብራ መቁጠር ቀላል ነው። «የጀበና ቡና ከማንቆርቆሪያ ቡና በጣዕም ይለያል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» የሚል ዘመድ ሲመጣስ? ሁላችንም ቤት አንድ አይጠፋም።

እንግሊዛዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 በጻፈው መጽሐፍ ላይ፣ ሻይና ወተት የትኛው ቀድሞ እንደተቀዳ ቀምሼ አውቃለሁ ስላለች ሴት አንድ ዘዴ አስቀምጧል። ወደ ቡና ስናመጣው እንዲህ ነው። ያው ቡና፣ ያው ውሃ፣ ያው ልኬት፣ አንዱ በጀበና አንዱ በማንቆርቆሪያ ይፍላ። ሁለቱም በደንብ ይስከኑ፤ አተላው ወደ ስኒው ከወረደ ቀማሹ በጣዕም ሳይሆን በአተላ ይለያል። ስምንት ተመሳሳይ ስኒ ይቀርባል፤ አራቱ የጀበና፣ አራቱ የማንቆርቆሪያ። ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይወሰን። «እንዲሁ አቀያይራለሁ» አትበሉ፤ ሰው በራሱ ሲያቀያይር አንድ፣ አንድ እያፈራረቀ ነው የሚያስቀምጠው፤ ቀማሹም ያንን ያውቃል። የሚቀዳው ሰው ሌላ ክፍል ይሁን። ስኒውን የሚያቀርበው ሌላ ሰው ይሁን፤ እሱም የቱ የቱ እንደሆነ አይወቅ፤ ፊት ይናገራልና።

ቀማሹ አራት አራት መሆናቸውን ያውቃል፤ ሥራው የጀበናዎቹን አራት ስኒዎች መምረጥ ነው። ከስምንት ስኒ አራቱን መምረጫ መንገድ 70 ነው። ምንም ሳያውቅ በግምት ብቻ አራቱንም የማግኘት ዕድሉ ከ70 አንድ ነው ማለት ነው። አራቱንም ካገኘ፣ ዘመዳችሁን ማክበር ተገቢ ነው። ከአራቱ ሦስቱን ካገኘ ግን ገና ነው፤ ያ በግምትም ከ70 በ16ቱ ይገኛል። «አንድ ብቻ ነው የሳትኩት» ብሎ ሲሟገት አትሸነፉለት፤ ስኒዎቹ ይታጠቡ፣ እንደገና ይቀዳ፣ አዲስ ዕጣ ይውጣ። ቡናው ግን በሁለቱም ዙር እኩል ትኩስ ይሁን፤ የቀዘቀዘ ቡና ጣዕሙ ሌላ ነው።